ስለ ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ ሕይወትና አሠራር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ጀርባ ባለው ኮሚናል ውስጥ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ፊልም እናያለን። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ይወጠራል። ፕሮጀክተሩን እንዋሳለን። ወንበር ሁሉም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ያለፈውን ክረምት የኃይሌ ገሪማን ሥራዎች ስናይ ከረምን፤ ፊልሙ ባለቀ ቁጥር ታዲያ የሚነሱት ጥያቄዎች ያው ናቸው። አዲስ ለሚመጡት ሁሌ ከዜሮ ከመጀመር አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመቶቹ «በእኛ» ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሽ ኃይሌ የት ተወለዱ? ወደ ፊልም እንዴት ገቡ?

ጎንደር፣ በ1946። ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ ቴአትር እየጻፉ በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ስለ ጎንደር አርበኞች የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። አያታቸው ደግሞ ማታ ማታ እሳት ዳር ተረት ያወሩላቸው ነበር። ጋሽ ኃይሌ ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚመለሱት ወደዚያች እሳት ዳር ነው።

ሌላው አስተማሪያቸው ሲኒማ ቤት ነው፤ የዚህኛው ትምህርት ግን የተጣመመ ነበር። እሳቸውና ጓደኞቻቸው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ተደብቀው ከኋላው ሲመጡበት፣ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮኹ ነበር። ከፊልሙ በኋላ ጎንደር ተራራ ላይ ካውቦይና ቀይ ሕንድ ሲጫወቱም ልባቸው ከካውቦዩ ጋር ነው። ይህን ራሳቸው ተናግረውታል። ከሕይወታቸው ታሪክ ሁሉ እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው። የጎንደር ልጅ፣ የአርበኛ አገር ልጅ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በገዛ ወገኑ ላይ ይጮኻል! ማንም አላስገደደውም። ካሜራው የቆመው ታርዛን ጋ ነበር፣ በቃ። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ካሜራውን ከዚያ ቦታ ለማንሳት የተደረገ ትግል አድርጌ ነው የማየው።

አሜሪካ የሄዱት ፊልም ሊማሩ ነው?

አይደለም፣ ቴአትር ሊማሩ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ሄደው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ በ1970 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተሻገሩ። ወደ ፊልም የዞሩት እዚያ ነው። አብረዋቸው ከተማሩት መካከል ቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ይገኙበታል፤ ኋላ ላይ ይህ የጥቁር ተማሪዎች ትውልድ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» የሚል ስም ወጥቶለታል። እነዚህ ልጆች አንዱ ለሌላው ካሜራ ይይዛል፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይቀርጻል። «ቡሽ ማማ» በሚባለው የጋሽ ኃይሌ ፊልም ላይ ካሜራ ከያዙት አንዱ ራሱ በርኔት ነው። በገንዘብ ቢሆን አንዳቸውም አይችሉትም ነበር።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በሁለት ሳምንት ተቀረጸ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ገና ተማሪ ሳሉ ለዕረፍት ሲመጡ ነው የቀረጹት። ሁለት ሳምንት! ፊልሙ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዓይናቸው ይበራል፣ «እኛም እንችላለን» ይላሉ። ትችላላችሁ። ግን ሁለት ሳምንቱ የቀረጻው ጊዜ ብቻ ነው። ፊልሙ አልቆ የወጣው በ1976 ነው፣ በመሃል ያሉት ወራት ኤዲቲንግ ናቸው። ከቀረጻው በፊት ያለው ደግሞ ስንት እንደሆነ አስቡት። ካሜራው 16 ሚሊሜትር ፊልም የሚበላ ነው። አንድ 400 ጫማ ጥቅልል አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሮጣል፤ ካለቀ አለቀ፣ ሌላ ጥቅልል ሌላ ገንዘብ ነው። የቀረጽከውንም እዚያው አታየውም። ላብራቶሪ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ ፊቱ ይውጣ ጨለማ ይውጣ አታውቅም። በዚህ ሁኔታ በሁለት ሳምንት መጨረስ የሚችለው እያንዳንዱን ትዕይንት ጭንቅላቱ ውስጥ ጨርሶ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

እኔ አምና በስልኬ አጭር ፊልም ሞክሬ ነበር። የአሥር ደቂቃ ታሪክ ነው። ሦስት ቀን ቀረጽኩ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ምስል ሰበሰብኩ፣ ከዚያ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ የትኛውን እንደምመርጥ ጠፋኝ። ስልኩ አልጎደለኝም። ምን እንደምፈልግ ሳልወስን ነው የወጣሁት።

ፊልሙ ለምንድነው እንዲህ ቀስ የሚለው?

በብዛት የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ አንዳንዱም ጥያቄ ሳይሆን ቅሬታ ነው።

ታሪኩን ላላያችሁት ባጭሩ፦ ለአንድ ባለርስት የሚያርስ ጭሰኛ ቤተሰብ አለ። ያርሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይሸከማሉ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይቆጣል። ሰፈሩ እንደ እብድ የሚያየው ከበበ የሚባል ሰው አለ፤ መሬቱን ተቀምቷል፣ እውነቱን ጮክ ብሎ የሚናገረውም እሱ ብቻ ነው። ካሜራው በሬዎቹ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ሲሄዱ ቆሞ ያያል። አያቋርጥም። የተሸከመ ሰው ዳገቱን እስኪጨርስ ይጠብቃል።

ያሳየን ቀን ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ስልካቸውን ማውጣት ጀምረው ነበር። ከፊት አንድ አባት ተቀምጠዋል። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ አካባቢ ጤፍና ስንዴ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ልጃቸው ጋ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። የእርሻው ትዕይንት ላይ ሳሉ ድንገት፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «የቀኙ በሬ ደክሞታል፣ ፍቱት እንጂ» አሉ። ዝም አልን። ሁላችንም በሬውን ማየት ጀመርን። እውነትም ደክሞታል፤ አንገቱን ያወርዳል፣ እግሩን ይጎትታል። እኔ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በሬው መድከሙን አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ መልሱ ይሄ ነው። ትዕይንቱ ቶሎ ቢቆረጥ ኖሮ «ገበሬ ያርሳል» የሚል መረጃ አግኝተን እናልፍ ነበር። ስለቆየ ግን ሥራው ስንት እንደሚያስከፍል በሰውነታችን ተሰማን። እርሻ ቀስ ይላል፣ የጭሰኛ ቀን አይመሽም። ጋሽ ኃይሌ አንድ ፊልም የሠሪውን አነጋገር መያዝ አለበት ይላሉ፤ ሰው በንግግሩ ጎንደሬ ወይም ሐረርጌ መሆኑ እንደሚታወቅ ሁሉ ፊልምም ከየት እንደመጣ በአካሄዱ መታወቅ አለበት ማለታቸው ነው። የዚህ ፊልም አካሄድ የበሬ አካሄድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀረጻው ካለቀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በእኛ የካቲት 1967፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። ስለዚህ ፊልሙ ያ ሥርዓት ሊያበቃ አፋፍ ላይ ቆሞ የተነሳው ፎቶ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ዓመት ቢዘገዩ ሌላ ፊልም ይሆን ነበር።

በጥቁርና ነጭ የሆነው ሆን ተብሎ ነው?

የተማሪ ፊልም ነው፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ። ግን ሲያዩት ሌላ ቀለም ያስፈልገው ነበር የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

«ቡሽ ማማ» መጀመሪያ ላይ ፖሊሶቹ ሰዎቹን ሲፈትሹ የሚታየው ትወና ነው?

አይደለም! ይሄን ሳውቅ ተነስቼ ነው የቆምኩት። ፊልሙ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስለምትኖር፣ በድጎማ ልጅ ስለምታሳድግ አንዲት ጥቁር ሴት ነው። ሲቀርጹ የከተማው ፖሊሶች የቀረጻውን ቡድን አስቁመው ፈተሿቸው፤ ጥቁር ልጆች ካሜራ ይዘው መገኘታቸው አጠራጠራቸው። ካሜራው አልጠፋም ነበር። ሌላ ሰው «ቀናችን ተበላሸ» ብሎ ያን ምስል ይጥለዋል። ጋሽ ኃይሌ ግን የፊልሙ መክፈቻ አደረጉት፤ ፊልሙ ሊናገር የፈለገውን ፖሊሶቹ ራሳቸው መጥተው ሠሩለት።

የታሪኩ መነሻም ከመንገድ የተገኘ ነው። ቺካጎ ሳሉ በክረምት ብርድ አንዲት ጥቁር ሴት ከቤቷ ስትባረር አይተዋል፤ ያ ምስል አልለቃቸው ብሎ ፊልም ሆነ። አሠራራቸውን ለማወቅ ለምትፈልጉ ይሄን ያዙ። ርዕስ ፍለጋ አይወጡም፣ አልለቅ ያላቸውን ነገር ነው ይዘው የሚሄዱት።

«ሳንኮፋ»ን አከፋፋዮች እምቢ አሉት ሲባል ምን ማለት ነው? ታዲያ እንዴት ታየ?

«ሳንኮፋ» የ1993 ፊልም ነው። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና ውስጥ፣ ባሪያዎች ይጫኑበት በነበረ የባሕር ዳር ምሽግ ፎቶ ልትነሳ ትመጣለች፤ ከዚያ ወደኋላ ተወስዳ ሾላ የምትባል፣ በአንድ ትልቅ እርሻ የጌቶቹ ቤት ውስጥ የምትሠራ ባሪያ ትሆናለች። ቃሉ የጋናውያን የአካን ቋንቋ ነው፣ ተመለስና አምጣው እንደማለት። ገንዘቡን ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በዚያው ዓመት በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ። ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ጠፋ። ባሪያዎቹ የሚያምፁበት፣ ታሪኩ በነሱ ዓይን የሚታይበት ፊልም ገበያ የለውም ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው። ጋሽ ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና፣ እሷም የፊልም ባለሙያ ናት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ማከፋፈያ አቋቁመው ነበር። ሲኒማ ቤት ሄደው አዳራሹን በቁርጥ ዋጋ ተከራዩ። ኪራዩን ትከፍላለህ፣ ሰው ቢመጣም ባይመጣም ለባለቤቱ ያው ነው፤ ከቲኬት የሚገባው ግን ሙሉ ለሙሉ ያንተ ነው። ሰው ካልመጣ ትከስራለህ። ዋሽንግተን ውስጥ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያናት፣ የሰፈር ማኅበራት፣ ተማሪዎች ወሬውን አዛመቱት። ሰው ተሰለፈ፣ ለሳምንታት ቆየ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፣ እዚያ ያለውን ማኅበረሰብ ያናግራሉ፣ አዳራሽ ይከራያሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ከተማ በከተማ እንዲህ ዞሩት።

የአባታቸውን ቴአትር አስታወሳችሁ? እኔ ያስታወሰኝ እሱን ነው። ጎንደር ውስጥ ቴአትር ጭኖ ከአገር አገር የሚዞር አባት ያሳደገው ልጅ፣ አሜሪካ ውስጥ ፊልም ጭኖ ከከተማ ከተማ ዞረ።

ከዚያ ገቢ በኋላ የመጣው ደግሞ ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው ሳንኮፋ የተባለው የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ነው። ካፌ አለው፣ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ፊልም ይታያል። በ2019 የንብረት ግብር ከብዶት ሊዘጋ ነው ሲባል ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ የከተማው ምክር ቤትም ግብሩን አቃለለለት። እኛ ያየናቸውን አንዳንዶቹን ዲቪዲዎች የአንድ ጎረቤታችን ዘመድ ከዚያው ገዝቶ ነው ያመጣልን።

ገንዘብ ካጡ ለምን ሆሊውድ አልሠሩም? በምን ይኖሩ ነበር?

ከ1975 ጀምሮ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል፣ ለአሥርት ዓመታት። ደሞዝ ነበራቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቤተሰባቸው የሚበላው ከፊልሙ ስላልሆነ ፊልሙን ለመሸጥ ብለው ታሪኩን መቁረጥ አላስፈለጋቸውም። እምቢ ማለት የሚችል ሰው እንጀራው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው ነው። እዚህ ሰፈር «ሥራዬን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለፊልም ልስጥ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንን ነው የምነግረው። አትተው።

ማስተማሩም ትርፍ ሥራ አልነበረም። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው። በ2017 በሲኒማቶግራፊ፣ ማለትም በካሜራ ሥራ፣ ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ ሆኗል። ሲኒማቶግራፈሩ አርተር ጃፋም የእሳቸው ተማሪ ነበር።

«ጤዛ» አሥራ አራት ዓመት ፈጀ የሚባለውስ?

እሱም እውነት ነው። በ2008 ነው የወጣው። አንድ ሰው በሁለት ሳምንት ቀርጾ፣ ሌላውን ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ሲሸከም ግራ ያጋባል። ልዩነቱ የገንዘቡ ነው። «ጤዛ» ሁለት አገር ይፈልጋል፣ ሁለት ዘመን ይፈልጋል። አንበርብር የሚባል ምሁር ጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ጊዜ ተመልሶ፣ ተስፋው ሁሉ ደም ሲሆን አይቶ፣ እንደገና ጀርመን ሄዶ በዘረኞች ጥቃት አካሉ ጎድሎ፣ በመጨረሻ ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ እናቱ ጋ ይመለሳል። እዚያም ሰላም የለም፣ ልጆቹን ለጦርነት ያፍሳሉ። ገንዘቡ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የመጣው፤ ስለዚህ የኢትዮጵያው ክፍል ቀድሞ ተቀረጸ፣ የጀርመኑ ሌላ ጊዜ።

በዚህ መሃል ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1999 ስለ አድዋ ድል ዘጋቢ ፊልም አወጡ። ያስተምራሉ፣ መደብሩን ያንቀሳቅሳሉ፣ ስክሪፕቱን ይከልሳሉ።

ይህን ፊልም ያሳየን ቀን ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። አንዲት እናት፣ በዚያ ዘመን ወንድማቸውን ያጡ፣ ወንበራቸውን አጥፈው ቀስ ብለው ወጡ። በማግስቱ ደረጃ ላይ አገኘኋቸውና «ልጄም እንዲያየው እንደገና አሳዩት» አሉኝ። ሦስት ቅዳሜ ቆይተን እንደገና አሳየነው።

ምን ምን ሽልማት አገኙ?

ዋና ዋናዎቹን ብቻ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 ሎካርኖ ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ፣ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ። ከአፍሪካ የፊልም ሽልማት ከዚህ በላይ የለም። በ2021 ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ሙዚየም ሎስ አንጀለስ ላይ ሲከፈት የክብር ሽልማት ሰጥቷቸዋል። በዚያው ዓመት «ሳንኮፋ» ታድሶ፣ በአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር በአቫ ዱቬርኔ ድርጅት በኩል፣ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። አከፋፋይ ካጣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ከሳቸው አሠራር ምን ልውሰድ?

እኔ ራሴ አሁን የማደርገውን ልንገርህ፣ ልንገርሽ። ስልኬ ላይ ገደብ አስቀመጥኩ፦ በቀን አሥራ አንድ ደቂቃ፣ እንደ አንድ ጥቅልል። ካለቀ የዚያን ቀን ቀረጻ አበቃ። በመጀመሪያው ቀን ሰባቱን ደቂቃ በከንቱ ጨረስኩት። በሦስተኛው ቀን ግን ከመቅረጼ በፊት ቦታው ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳይ ነበር። የምቀርጸው እዚሁ ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ወዲያ ያለውን፣ ገና ያልተነካውን ማሳ ነው። ወደ መገናኛ ታክሲ ስንሳፈር በየቀኑ እናልፈዋለን፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በሬዎቹ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ። እነዚያን አባት «ይምጡና ይዩልኝ» ብያቸዋለሁ፤ የትኛው በሬ እንደደከመ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

የሚቀጥለው ፊልም መቼ ነው? መብራት ቢጠፋስ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ «ሳንኮፋ»ን እንደገና እናሳያለን። ሰዎች እንደ እንስሳ የሚታሰሩበት፣ ሴት ልጅ የምትደፈርበት ትዕይንት ስላለው ትንንሽ ልጆች ባይመጡ ጥሩ ነው። ወንበር ይዛችሁ ኑ። መብራት ከጠፋ ብሎክ አሥራ ሁለት ያሉት ጎረቤቶች ጄኔሬተር አላቸው፣ ለነዳጁ ከእያንዳንዳችን ሃምሳ ሃምሳ ብር እናዋጣለን።